ከጎማ ጋር የሚነጋገሩት አያ ሰይድ

አያ ሰይድ ማረፋቸውን የነገረኝ ልጄ ይበልጣል ነው። በስልክ «እማዬ፣ አያ ሰይድ አረፉ» አለ። እኔም ስልኩን ዘጋሁ። ሁለታችንም ብዙ ቃል አንወድም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

ልቅሶ ቤቱ ስደርስ ድንኳኑ በሹፌር ተሞልቷል። ግማሾቹ እሳቸው በሕይወት ሳሉ የእግዜር ሰላምታ የነፈጓቸው ናቸው። ዛሬ ግን ጉልበታቸውን አቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንዲህ ያለ መካኒክ በደቡብ ጎንደር አይገኝም ይባባላሉ። ሰው ከሞተ በኋላ ማመስገን ምንም አያስወጣም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

በመካነ ኢየሱስ መኪና ያለው ሁሉ አያ ሰይድን ያውቃል። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረ ሸራ ሥር ነበር የሚሠሩት። ጋራዥ ለማለት ይከብዳል። አንድ ክሪክ፣ ከእንጨት የተጠረቡ አራት የጎማ ታኮዎች፣ መፍቻ የሞላበት የብረት ሳጥን፣ እና ለሶላት የሚታጠቡባት ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነበሯቸው። በቃ። ሸራቸው ከአጥሬ ጋር ስለሚዋሰን ውሃ የሚቀዱት ከእኔ ቧንቧ ነው። ሁልጊዜ ቀትር ላይ በሩን ያንኳኩና «ውሃ ልቅዳ፣ የይበልጣል እናት?» ይላሉ። አይጠይቁኝ፣ ገብተው ይቅዱ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ግን ሳይጠይቁ ገብተው አያውቁም።

መናቅ ያውቁበታል። የናቁትን ሰው አይሰድቡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም። ጀርባቸውን ይሰጡትና ቁጢጥ ብለው ለመኪናው ጎማ ይነግሩታል። አንድ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ክረምት ያላለፈው ወጣት መጥቶ፣ መኪናዬ ኤቢኤስ አለው፣ እንደ ድሮው መኪና አይንሸራተትም እያለ ደረቱን ነፋባቸው። አያ ሰይድ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ጎማው ዞሩ።

«ሰማህ? ኤቢኤስ አለኝ ይልሃል። እንግዲህ አንተ እረፍ፤ መሬቱን የሚረግጠው እሱ ነው።»

ልጁ ሳቀ። ዙሪያውን የቆሙት ሲስቁበት ግን ጋቢናው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኤቢኤስ የሚሉትን ነገር እኔም ያወቅሁት ከአጥር ወዲህ ሆኜ እሳቸውን ስሰማ ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ሲረግጥ ጎማው ደርቆ እንዳይቆምና መኪናው እንዳይንሸራተት፣ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ እየለቀቀ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ደግ ነገር መሆኑን አያ ሰይድም አይክዱም፤ መሪው ይታዘዛል ይላሉ። በእኛ ኮረኮንች መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደርቆ የቆመ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ይቆልልና በዚያው ቁልል ይገታል። ኤቢኤስ ያለው ጎማ ግን እየተለቀቀ ስለሚያዝ ጠጠሩን አይቆልልም፤ በላዩ እየተንከባለለ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናው የሚቆመው ራቅ ብሎ ነው። በዚያ ላይ በየጎማው ውስጥ የጎማውን መዞር የምታይ ሰንሰር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ጭቃና አቧራ ሲለብሳት አታይም። እሷ ሳታይ ስትቀር ሹፌሩ ፊት ለፊት ቢጫ መብራት ይበራል።

የእኛ ሹፌሮች ለዚያ መብራት ያገኙለት መድኃኒት መሸፈን ነው። አንዱ በጥቁር ፕላስተር፣ አንዱ በማስቲካ። መኪናው መታመሙን እየነገረህ አፉን ትለጉመዋለህ ይሉ ነበር አያ ሰይድ፤ ይህንንም ለጎማው።

ልጄ የሸፈነው በቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ነው።

ሥዕሉን ከንግሥ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። በላስቲክ የተለበጠች፣ መዳፍ የማትሞላ ሥዕል ናት። ይበልጣል የሚነዳው የአንድ እህል ነጋዴ መኪና ነበር። ነጋዴው አያ ሰይድ አንድ ቀን ስለ እሱ ለጎማው ነግረውበት ስለተቀየመ፣ የፍሬን ሸራውን ሌላ ከተማ ወስዶ አስቀየረ። ከዚያ ወዲህ ቢጫው መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። ይበልጣል ለነጋዴው ሲነግረው፣ ፍሬኑ ይይዝ የለም እንዴ፣ ከያዘ ምን ፈለግህ ብሎ መለሰለት። ልጄም ሥዕሉን መብራቱ ላይ ለጠፈው። እኔም ጋቢና ገብቼ ሳየው መልአኩን ከፊቱ ማስቀመጡ ደስ አለኝ። ከሥሩ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

የዛሬ አራት ዓመት፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። በወገዳ መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የተወለድኩበት ደብር ጣሪያው አርጅቶ መቅደሱ ውስጥ ያፈስስ ነበር። ምእመናኑ አዋጥተው ቆርቆሮ ተገዛ። ይበልጣል ቆርቆሮውንም፣ ለንግሥ የሚሄደውንም ሰው ጭኖ ሊያደርስ ሆነ። ከቆርቆሮው ላይ ካህናት፣ ሽማግሌዎችና እናቶች ተሳፍረዋል። ማንደፍሮ የሚባል ሹፌርም የራሱን መኪና አቁሞ አብሮን ሊያነግሥ ወጥቷል። ይበልጣል እኔን ሊወስድ ከደጄ ሲቆም አያ ሰይድ ከቧንቧዬ ውሃ እየቀዱ ነበር።

ምን እንዳዩ ያን ጊዜ አልገባኝም። መኪናው የቆመ መስሎ አንድ ክንድ ያህል አለፈ፤ ከዚያ ቆመ። ማንም ልብ አላለው። አያ ሰይድ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጠው ወደ ሸራቸው ሄዱ። ታኮዎቹን ተሸክመው ተመለሱና አራቱንም ከጎማዎቹ ሥር ሸጎጧቸው። ሕዝቡ ይውረድ አሉ።

ከላይ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ ዋዜማው ደረሰ ይላል፣ ሌላው ሰውየው ምን ሆኗል ይላል። ማንደፍሮ የመኪናውን የጎን ስፖንዳ ተደግፎ፣ ሰይድ ሆዬ ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ ሆነሃል ወይ አላቸው፤ ሰዉም ሳቀ። አያ ሰይድ ግን ሕዝቡ ሳይወርድ ታኮው አይነሣም ብለው ከመኪናው ፊት ቁጭ አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ተናገርኩ። ይህን የተናገረው ማንደፍሮ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

«ቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ማግኘቱ ነው የከፋዎት?»

ሁሉም ሰማ። አያ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ። ወደ ጎማው ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞሩም። ተነሡና እስቲ ጋቢና ግቢ አሉኝ። ገባሁ። እሳቸው በሹፌሩ በኩል በሩን ከፍተው ቆሙ። ሥዕሉን በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ እጃቸውን አልዘረጉም።

«እጄ ግሪስ ነው፤ እኔ አልነካውም። አንቺ አንሺው።»

በጥፍሬ ጫፍ ቀስ አድርጌ አነሣሁት። ምንም ሳይጎዳ ወጣ። ከሥሩ ቢጫው መብራት በርቶ ነበር።

አያ ሰይድ ይበልጣልን ስንት ጊዜው ነው ብለው ጠየቁት። የፍሬን ሸራው ከተቀየረ ወዲህ ነው አላቸው፣ መሬት መሬት እያየ። ወደ እኔ ዞረው፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ መብራት መክደኛ አይደለም አሉኝ። ስለ ሥዕሉ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ ከአፋቸው የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ሕዝቡ እየተነጫነጨ ወረደ። አያ ሰይድ ማንቆርቆሪያቸውን አንሥተው ከመኪናው ፊት፣ በሜዳው ላይ ዐሥር እርምጃ ቆጥረው አስቀመጧት። ታኮውን አነሡ። ይበልጣልን፣ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብለህ ና፤ ከዚች በፊት አቁም አሉት። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ልጄ በዝግታ ነዳና ረገጠ። ከእግሩ ሥር ግር ግር ግር የሚል ነገር ሰማሁ። መኪናው ሊቆም ሲል ልክ አንድ ሰው እንደለቀቀው ሁሉ ሸርተት አለ። ማንቆርቆሪያዋ ከጎማው ሥር ስትሰበር ድምፅዋ ጋቢና ድረስ ገባ።

ማንም አልሳቀም። አያ ሰይድ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ሜዳ ላይ ነው። በሰው እርምጃ ነው። ቁልቁለቱን አንተ ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። መኪናው ሥር ገብተው የፊት ጎማዎቹን ከኋላ በባትሪ አዩ። የፍሬን ሸራውን የቀየረው ሰው ሰንሰሯን ወደ ቦታዋ ገፍቶ አልመለሳትም። ከቦታዋ ስትርቅ የምታየውን በደንብ አታየውም፤ ጎማው ቀስ ሲል ቆሟል ብላ ትዋሻለች። መሣሪያው ደግሞ ውሸቷን አምኖ ፍሬኑን ይለቃል። አያ ሰይድ ቆሻሻውን ጠረጉና እስክትነካ ድረስ በአውራ ጣታቸው ገፏት። ሥራው ጸሎተ ሃይማኖት ተደግሞ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም። በአውራ ጣት የሚገፋ ነገር ነበር። ይህን ያህል ሰው ገደል ሊከት የነበረው እሱ ነው።

ለሁለተኛው ሙከራ የእኔን ጀሪካን አስቀመጡ። መኪናው ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ሸርተት አላለም። ቢጫው መብራትም ጠፋ። ይበልጣል ፊቱ ሲፈታ አይተው ጋቢናው በር ላይ መጡ።

«ዳነ ብለህ አትኩራ። ኮረኮንች ላይ አሁንም ርቆ ነው የሚቆመው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። የምትቆምበት ቦታ ሳይደርስ ቀድመህ ርገጥ።»

ሕዝቡ ሲሳፈር እሳቸው የማንቆርቆሪያዋን ስብርባሪ ለቀሙ። ከቧንቧዬ ውሃ በእፍኛቸው እየቀዱ ሲታጠቡ ትቻቸው ሄድኩ። ይቅርታ አላልኳቸውም።

ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ልጄ በሁለተኛ ማርሽ ወረደው። ማንደፍሮ ከላይ፣ ሰው ለንግሥ ነው የሚሄደው ወይስ ለቀብር እያለ ይቀልድ ነበር። ከታች ካለው ጠመዝማዛ ስንወጣ፣ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች እህል ጭነው መንገዱን ሞልተውታል። ይበልጣል ረገጠ። ያ ግር ግር የሚለው ነገር ተሰማ፤ መኪናው በጠጠሩ ላይ እየተንከባለለ ሄደ፣ ሄደ። ቆመ። በመኪናው ግንባርና በመጨረሻዋ አህያ መካከል አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ቢያልፍ ነው። በግራችን ገደል ነበር። ሌላ ጊዜ በዚያ ቁልቁለት በምን ፍጥነት እንደምንወርድ አውቃለሁ።

ከላይ አንድ ቄስ ገብርኤል ጠበቀን አሉ። አሜን አልኩ። ጠብቆናል። በማን አውራ ጣት እንደ ጠበቀን ግን አልተናገርኩም።

አንግሠን ስንመለስ ማንደፍሮ በሌላ መኪና ቀድሞን ከተማ ገብቶ ነበር። ወሬውም አብሮት ገብቷል። ሰይድ የገብርኤልን ሥዕል ከጋቢና ነቅሎ ቀደደ ተባለ። ማንደፍሮ በዓይኔ አየሁ ይል ነበር። ያየው የጋቢናውን በር ከፍተው የቆሙትን የአያ ሰይድን ጀርባ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ብዙ ሹፌር ወደ ሸራው መሄድ ተወ። የሄደም ተደብቆ ሄደ። ሰላምታ የሚነፍጋቸውም በዛ። አያ ሰይድ አልቀደድኩም ብለው ለማንም አላስተባበሉም። ለጎማ ሲነግሩም አልሰማሁም።

እውነቱን የምናውቀው እኔና ልጄ ነን። ሥዕሉ ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ደህና ተቀምጧል። አውጥቼ ባሳይ ያልቅ ነበር። ግን ባሳይ፣ ሥዕሉ ምን ይሠራ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ልጄ መብራት በመልአክ ሥዕል ሸፈነ ከሚባል፣ ሰይድ ቀደደ ቢባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሰዎች ቃል ቆጣቢ ነሽ ይሉኛል። ያን ጊዜ ግን ቁጠባ አልነበረም።

ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ገዛሁና ከቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ። አያ ሰይድ ሲመጡ አዩዋት። «ውሃ ልቅዳ፣ የይበልጣል እናት?» አሉ። ይቅዱ አልኳቸው። ማንቆርቆሪያ መግዛት ቀላል ነው። ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ለእኔ የነገርሽውን ለሰው ንገሪ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አልነገርኩም። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሞላ።

ይበልጣል ግን ተለወጠ። ዛሬ የሌላ ሰው መኪና ነው የሚነዳው። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ቢጫው መብራት እንደበራ ያያል፤ መኪናው ሲነሣ መጥፋቱን ያያል። ካልጠፋ አይሄድም። ነጋዴዎች ፈሪ ይሉታል። ይበሉት። ልጄ ሲመሽ ቤቱ ይገባል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ማንደፍሮ ማመስገን ጀመረ። ሰይድ መኪና በጆሮው የሚያውቅ፣ እጀ ብሩክ ሰው ነበር አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺን ሥዕል መቅደዱ ባይኖርበት እንጂ፣ ለእሷም አላህ ይቅር ይበለው አለ። የአያ ሰይድ ባለቤት ዘሀራ ከፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ቀና አላሉም። አራት ዓመት ለምደውታል።

የጸሎት መጽሐፌን ከፈትኩ። ሥዕሉን አውጥቼ ማንደፍሮ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኸው። የተቀደደው የት ላይ ነው?»

 ልጄ መብራት ሸፍኖበት እንደነበር፣ ያነሣሁት በገዛ እጄ እንደሆነ፣ አያ ሰይድ እጄ ግሪስ ነው ብለው እንዳልነኩት ተናገርኩ። ከዚህ ያለፈ አልጨመርኩም። ማንደፍሮ ሥዕሉን ገለባብጦ አየው። እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ነው አለ። አራት ዓመት ሙሉ አየሁ ሲል የኖረ ሰው ሰማሁ አለ። ሥዕሉን ተቀብዬ ተሳልሜ ወደ መጽሐፌ መለስኩት።

ይቅርታ ለመጠየቅ ዘሀራ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቃል ሳላወጣ እጄን ያዙኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ሰማያዊዋን ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ በሷ ነበር የሚታጠበው፣ ከአንቺ ቧንቧ ነው ውሃዋ፣ ውሰጃት አሉኝ። ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረባት።

ወደ ውጭ ስወጣ ከወገዳ የመጡት የአያ ሰይድ ዘመዶች ማንደፍሮ መኪና ላይ እየተሳፈሩ ነው። እኔ አደርሳቸዋለሁ ብሎ ለምኖ አሳፍሯቸዋል፤ አሁን ደግ መሆን አምሮታል። ሽማግሌዎች አሉ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አለች። በጋቢናው በር በኩል ሳልፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ቁልፉ ተሰክቷል። ቢጫው መብራት የሚበራበት ቦታ ላይ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ዳር ዳሩ አቧራ ጠጥቷል፤ ቆይቷል ማለት ነው።

ማንደፍሮ መሪውን ይዞ ነበር። ምን ፈለግሽ እናቴ አለኝ። 

ከመኪናው ፊት ዐሥር እርምጃ ቆጠርኩና ማንቆርቆሪያዋን መሬት ላይ አስቀመጥኳት። ተመልሼ መጣሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«ሰማህ?» አልኩት ጎማውን። «እነዚህን ሰዎች ወገዳ አደርሳለሁ ይልሃል። እስቲ መጀመሪያ ከዚች ማንቆርቆሪያ በፊት አቁም በለው።»

ከላይ አንድ ሰው ሳቀ። ከድንኳኑ የወጡት ሹፌሮች ግን አልሳቁም፤ ያንን የጎማ ንግግር ያውቁታል። ማንደፍሮ ማንቆርቆሪያዋን አየ። እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። ቆየ። ቆየ። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

በመጀመሪያ የወረዱት የዘሀራ ወንድም ናቸው፣ ዱላቸውን አስቀድመው። ነፍሰ ጡሯን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ይበልጣል ከሰዉ መካከል ወጥቶ እሱ የሚነዳውን መኪና ሊያመጣላቸው ሄደ።

ማንቆርቆሪያዋን አነሣሁ። ውሃዋ አልፈሰሰም።